ደርሳለች

ፊንላንድ ነው ቦታው፤ በሰሜን ጥድ መሐል፣
ሃርማ የሚሉት ሐይቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል።
ከውሃው ዳር እስከ ደን የተላጨ መስክ አለ፣
ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ፤ ድንችም ያበቀለ።

በጦርነቱ ዓመት፣ ጨዋታው ሲታጠፍ፣
በፈረስ ታረሰ ያ የጌቶች ምንጣፍ፤
የወረቀት ፋብሪካው ሠራተኛ ሴቶች
ከሦስተኛው ሜዳ ለቀሙ ድንቾች።

ከጥድ ግንድ የታነጸው የክለቡ ግድግዳ
ፎቶ ሞልቶታል፤ ጢም፣ ከረባት፣ የሩቅ እንግዳ፤
ተሸካሚዎቹ ከዳር፣ ግማሽ ፊት፣ አንድ ጆሮ፣
ስማቸው ያልተጻፈ፤ ጸሐፊው ቸኩሎ ኖሮ።

ኢምፒ ግን ታውቃቸዋለች። ዘጠና አንድ ሞልቷት
እንጉዳይ ትለቅማለች ሜዳው ዳር በጠዋት፤
ተጫዋች ሳይመጣ፣ ጤዛው ሳይረገጥ፣
የእግሯ መስመር ብቻ ሣሩ ላይ ሲገለጥ።
ሣር አጫጁ ለምዷል፤ ሞተሩን ያጠፋል፣
እስክታልፍ ድረስም ትንባሆ ይተፋል።

ያ አንድ ጆሮ የማን ነው?
ወንድሟ ታውኖ ነበር፣ ከረጢት ተሸካሚ፤
የሰው ኳስ ፈላጊ፣ የሰው ስድብ ሰሚ።
ጌታው ሊንድፎርስ ሲመቱ፣ ከዱላው ድምፅ የሚያውቅ
ኳሷ በየትኛው ቁጥቋጦ እንደምትወድቅ፤
ግን «ተሸካሚ አይጫወት» የሚል ነሐስ ነበር
በሩ ላይ፣ በሁለት ቋንቋ፣ በአራት ምስማር።

እዚያ አገር በሰኔ ሌሊቱ አይጨልም፣
ፀሐይዋ ታንጎላጃለች እንጂ አትተኛም።
ሲነጋ ዘማች ነው። ታውኖ ግን ሹልክ ብሎ
ከጌታው ከረጢት አንድ ዱላ ነጥሎ
እህቱን ቀሰቀሰ፦ «ነይ፣ ምስክር ሁኚ፤
ካሻገርኩ ንገሪ፣ ካቃተኝ ግን ተኚ።»

ከሰባተኛው ጉድጓድ መነሻ፣ ሐይቁ በሚታጠፍበት፣
ማዶ ያለችው ሰንደቅ እንደ ክብሪት እንጨት።
በኪሱ ምስማር የስሙን ፊደል ጫረ፤
መስቀል ትመስላለች። ተነፈሰ። ሰነዘረ።
ድምፁ ጥሩ ነበር፤ በብርድ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንደሚሰማው።
ኳሷ ወጣች፣ ነጣች፣ ብርሃኑ ዋጣት፤
ማዶ ጭጋግ ነበር። ኢምፒ አላየቻት።
ጠብ ያለ ነገር ግን ሰምታለች።
«ዓሣ ነው» ብላ ለራሷ፣ ዝም አለች።

«ደረሰች?» አላት።
«ደረሰች» አለችው።
ሳቀ። ዱላውን በሸሚዙ ጠርጎ መለሰው።

ባቡሩ ደረሰ።
ደብዳቤ ደረሰ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሌላ ወረቀት፣
የማያውቁት ሰው የእጅ ጽሑፍ፤ እሱም ደረሰ።
ከሦስተኛው ሜዳ የመጣው ድንች
ምድጃው ላይ ከሰለ፣ ጤሰ።

ሜዳው ሣር ለበሰ፣ ነሐሱ ወረደ፤
ሊንድፎርስ አለፉ፤ ፋብሪካው ነደደ።
ኢምፒ ግን ለልጆቿ፣ ለልጅ ልጆቿም፣
«ሐይቁን አሻገራት» ማለቷን አልተወችም።

ባለፈው ግንቦት፣ በረዶው እንደቀለጠ፣
ያስካ የሚሉት ጠላቂ የሐይቁን ሆድ ገለበጠ።
የሰው ስሕተት ለቅሞ በደርዘን ይሸጣል፤
ከሐይቅ ሌላ ማን ይህን ሁሉ ያስቀምጣል?
ከጭቃው ሥር አንዲቷ፣ ቢጫ፣ እንደ አሮጌ ጥርስ፣
ሃያ ክንድ ሲቀራት፣ ማዶ ሳትደርስ።
በአውራ ጣቱ ፈተጋት፤ ፊደሉ ብቅ አለ።
ወሬውን ያውቃልና ወደ ኢምፒ ቸኮለ።

ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ መነጽሯን ወለወለች፣
ኳሷን በመዳፏ እስክትሞቅ ያዘች።
«የእሱ ናት?» አላት ያስካ፤
ልብሱ ገና ውሃ ያንጠባጥባል።
«አይደለችም» አለች፣ «የሌላ ሰው ትሆናለች።
የወንድሜማ ኳስ ደርሳለች።»

ከእንጉዳዩ ጋራ ቅርጫቷ ውስጥ ከታት፣
ያን ቀን በማዶ ዞረች፤ እግሯን እያመማት።
ሣር አጫጁ አየ። ሞተሩን አጠፋ፤
እስክትደርስ ድረስ ትንባሆ አልተፋ።